ቃር ያለበት በረኛ

ጠላቴ በመሬት የሚመጣ ኳስ ነበር። በአየር የሚመጣውን እይዘዋለሁ፤ ቁመቴ ይበቃል፣ እጄም ሰፊ ነው። በመሬት እየተንከባለለ ወደ ቋሚው ጥግ የሚሄደውን ግን ቆሜ እሸኘዋለሁ። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፣ ፈሪም አይደለሁም። ጎንበስ ስል ከሆዴ የሚነሳ እሳት ደረቴን እየላጠ ጉሮሮዬ ድረስ ስለሚወጣ ነው። አፌ ጎምዛዛ ውኃ ይሞላል፣ ዓይኔ ያነባል፣ ሳል ይይዘኛል። እኔ አፌን በጓንቴ ስጠርግ ኳሱ መረቡ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

የምጫወተው ለጤና ቡድን ነው። ሸገር ያደገ ሰው ጤና ቡድን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለማያውቅ ልንገረው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሆዳቸውም አብሮ የገፋ የአንድ ሰፈር ወንዶች እሁድ ጠዋት ተሰብስበው ኳስ ይጫወታሉ። ዓላማው ጤና ነው። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ተያይዘው ቁርስ ቤት ይገቡና በሩጫ ያገኙትን ጤና በጥብስና በቢራ ይመልሱታል። እኛ የቦሌ ሚካኤል ልጆች ነን። ልጆች እንባባላለን እንጂ ግማሾቻችን ልጅ ድረናል።

እኔ አሁን የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ቢሆንም እሁድ እሁድ ጎህ ሲቀድ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ እሳለማለሁ፣ ከዚያ በሕንፃዎች መሃል ተርፋ ወደ ቀረችው አቧራማ ሜዳችን እሄዳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ፋይል የማገላብጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከቢሮ ብቀር ማንም ቶሎ ልብ አይለኝም። እሁድ ጠዋት ግን ከእኔ ጀርባ ያለው በር የእኔ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ወደዚያ በር ሲመጣ የሚያየው እኔን ነው። የምነግራችሁ እንግዲህ ያንን በር ላጣ ደርሼ ስለነበረበት ወቅት ነው።

ሕመሜን መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ጨጓራ ብዬ ጠራሁት። እዚህ ከተማ ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ደረቱ የተቃጠለም፣ ሆዱ የተነፋም፣ ከሚስቱ ጋር የተጣላም ጨጓራዬ ተነሳ ይላል። ለቡድኑ ልጆች ስነግራቸው አምበላችን ስቆ "ታዲያ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?" አለኝ። የመድኃኒቱ ምክር ግን ጎረፈ። አንዱ ተልባ ጠጣ አለኝ፣ ሌላው አብሽ በማር፣ ሦስተኛው በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርቱን በሞከርኩ ቀን ያየሁትን አሳር ለጠላቴም አልመኝም። ቀዝቃዛ ወተት ለጥቂት ጊዜ ያበርድልኝና ተመልሶ ይነሳል። እኔ ደግሞ ስለ ሕመሜ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ የተነገረኝን ሁሉ ሞክሬ፣ የሞከርኩትን ሁሉ ለሌላ ሰው አዝዤ አየሁት።

ጥምቀት እንዳለፈ ባለቤቴ ሰለቻት። "ወይ ታከም፣ ወይ ዝም በል" አለችኝና ወሎ ሰፈር አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ እየገፋች ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። ሲውጡ ያንቅዎታል ወይ፣ ክብደት ቀንሰዋል ወይ፣ ደም አይተዋል ወይ የሚሉ ጥያቄዎችን በአክብሮት እያዟዟሩ ጠየቁኝ። ሁሉንም የለም አልኳቸው። ሆዴን ነካክተው፣ ማታ የምበላውን ሰምተው፣ ቀበቶዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኼ እርስዎ ጨጓራ የሚሉት አሲዱ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው" አሉኝ። "ምግብ በሚወርድበት ቧንቧና በጨጓራ መሃል እንደ ቀለበት የሚጠብቅ ጡንቻ አለ። ምግብ ሲመጣ ይከፍታል፣ ካሳለፈ በኋላ ይዘጋል። የእርስዎ ላላ ብሏል። ሆድዎ ሲሞላ፣ ሲተኙና ጎንበስ ሲሉ አሲዱ ሾልኮ ይወጣል። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"በረኛ ነኝ" አልኳቸው። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"የኳስ?"

"የኳስ።"

"እንግዲያው ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ይገባዎታል" ብለው ሳቁ። "ውስጥ ያለው በረኛ ነው የደከመው።"

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ዓመታት ሙሉ ተልባ ስጠጣ አንድ ሰው እንኳ ይህን አልነገረኝም! በሽታዬን አየሁት፤ ቀለበቱን፣ ሾልኮ የሚወጣውን አሲድ፣ የሚላጠውን ቧንቧ፣ ሁሉንም። ሐኪሟ ኦሜፕራዞል የሚባለውን ኪኒን አዘዙልኝ፤ "ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት" አሉ። በልተው ወዲያው አይተኙ፣ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፣ ቀበቶዎን ላላ ያድርጉት፣ የአልጋዎን ራስጌ ከፍ ያድርጉት አሉ። ካልተሻለኝ ተመልሼ እንድመጣና መሣሪያ አስገብተው እንዲያዩት ነገሩኝ። እኔ ግን ልቤ ቀድሞ ድኖ ነበር።

በዚያው ቀን ሰፈራችን ካለው ግንባታ ብሎኬት ለምኜ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ አወጣሁና ከአልጋው ራስጌ ሥር አስገባሁት። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። "ይኼ አልጋ ነው ወይስ መንሸራተቻ?" አለች። እውነትም ጠዋት ሁለታችንም የምንነቃው ከግርጌ ተከማችተን ነው። እግሬ ከአልጋው ወጥቶ፣ ብርድ ልብሱ መሬት ወድቆ፣ እሷ እያጉረመረመች። ደረቴ ግን ዝም አለ። ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ተጣጥቤ እለብሳለሁ፣ ቁርሴን እበላለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቃር የሚባለውን ነገር ረሳሁት። እሁድ ሜዳ ላይ ደግሞ እንደ ልጅነቴ ተወረወርኩ። ጮቤ ረገጥኩ!

ከዚያ በኋላ ስብከቴን ማን ይቻለው። ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ቃር ያለበትን ሰው ከፊቱ ለይቼ አውቃለሁ። አንድ ቀን ከአያት በሚነሳ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ደጋግመው ሲያገሱ ሰማኋቸውና አላስችለኝ አለ።

"እናቴ፣ እርስዎም ያቃጥልዎታል?"

"ጨጓራ ነው ልጄ፣ የቆየ ነው።"

"ጨጓራ አይደለም!" ብዬ ጡጫዬን ጨብጬ ቀለበቱ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አሳየኋቸው። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ ለእሱም እንድደግምለት ጠየቀኝ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። መገናኛ ስንደርስ ታክሲው ሁሉ ጡጫውን እየጨበጠ ይከፍት ነበር። የወረድኩት ከመውረጃዬ አልፌ ነው፣ ያም ቢሆን አልቆጨኝም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ሁዳዴን የምጾመው እንዳደግሁበት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም፣ ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል። ኪኒኑ አሳሰበኝና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ "አባቴ፣ ጠዋት የምውጠው መድኃኒት አለኝ፤ ውኃው ጾሜን ይገድፍብኛል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ መድኃኒት ነው። በጉንጭ ውኃ ዋጠው" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እንግዲህ በየማለዳው እነሳለሁ፣ ኪኒኔን በጉንጭ ውኃ እውጣለሁ፣ ቢሮዬ እሄዳለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካፍቴሪያ ወርጄ የቀኑን ሁሉ በአንድ ትሪ እበላለሁ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ቃሪያው። ርቦኝ ስለሚውል እንጀራ ያስጨምራል። ማታ ቤት ገብቼ ደግሞ ትንሽ እቀማምስና ደክሞኝ እተኛለሁ።

ቃሩ ተመለሰ። መጀመሪያ በሆዴ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ደረቴ፣ ቀጥሎ ጉሮሮዬ፤ በመጨረሻ ከበፊቱ ብሶ ድምፄን አሻከረው። ግራ ገባኝ። ያው ኪኒን፣ ያው ማለዳ፣ ያው ብሎኬት! መድኃኒቱን ጠረጠርኩና ከሌላ ፋርማሲ ገዛሁ። ያንንም ጠረጠርኩና ሦስተኛ ፋርማሲ ሄድኩ። የባለቤቴን በርበሬ ጠረጠርኩ፤ "የእኔ በርበሬ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን አደረገህ?" ብላ አኮረፈችኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ፋታ እንደሚሰጠኝ ሳይ ደግሞ የሚያቃጥለኝ አለቃዬ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሰኞን አልፌ ማክሰኞ ላይ የሚብስብኝ እሱን ሳየው ነዋ! ባለቤቴ ሐኪሟ ጋ ተመለስ ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በታክሲ ሙሉ ሰው ፊት ያሞገስኩትን መድኃኒት አልሠራም ማለት ለእኔ ቀላል አልነበረም።

በዚያው ወቅት የሰፈሮች ዋንጫ ተጀምሮ ነበር። የእኛ ሰዎች በእርጅናቸው ምን እንደነካቸው እንጃ፣ እያሸነፉ መጡ። እኔ ደግሞ እየቆምኩ መጣሁ። ጎንበስ ስል ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ሰውነቴ ራሱ እምቢ ይላል። ለፍጻሜ ለማለፍ በተጫወትንበት እሁድ ተጋጣሚዎቻችን ነገሬን ደረሱበት። ከሜዳው ዳር የቆመ አንድ ወፍራም ሰውዬ "ታች! ታች ምታ! አይወርድም!" ብሎ መጮህ ጀመረ። በመሬት የመጡ ሁለት ኳሶች አለፉኝ። የእኛ አጥቂዎች ሦስት ባያገቡ ኖሮ ቤታችን መግቢያ አልነበረንም።

ጨዋታው እንዳለቀ አምበላችን ወደ ጎን ወሰደኝ። ወሎ ሰፈር ጋራዥ አለው፤ የሰውንም የመኪናንም ጉድለት ሳያለሳልስ ነው የሚናገረው።

"ስማኝ" አለኝ። "በረኛ ይወድቃል። አንተ ቆመህ ነው የምትሸኘው። ገርጂ አንድ በረኛ አግኝቻለሁ፣ ገና ጎልማሳ ነው፣ ሊመጣልን ፈቃደኛ ነው። በዋንጫው መሃል ሰው መቀየር አይቻልም እንጂ..."

"ጨጓራዬ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሁላችንም ጨጓራ አለብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለውን ፍጻሜ ተጫወት። ከዚያ በኋላ እሱ ይመጣል፣ አንተ ከእኛ ጋር ቁርስ ትበላለህ፣ ትደግፈናለህ።"

ትደግፈናለህ! ቃሉ ከቃሩ በላይ አቃጠለኝ። ከሜዳው ወጥቼ እስከ መገናኛ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ተናድጄ ነበር፣ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ለቅሶ ለቅሶ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ በኳስ ምክንያት ማልቀስ ያሳፍራል ብዬ ራሴን ገሰጽኩ፤ ግን የምር አዝኜ ነበር።

በሳምንቱ መሃል ከሥራ ስወጣ የመሃል ተከላካያችን ሱቅ ጎራ አልኩ። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሜዳ ላይ ከፊቴ የሚቆመው እሱ ነው፤ ከቡድኑ ሁሉ የምቀርበውም እሱን ነው። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተው ነበርና ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ነበር የምንውለው። የእኔ ሰዓት አልፎ በልቻለሁ፣ የእሱ ግን ገና ነው። ሱቁን ሊዘጋ ዕቃ ሲሰበስብ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደረቴን እያሸሁ ስለ አምበሉ አማረርኩለት።

"ኪኒኑን አቆምክ እንዴ?" አለኝ።

"ምን አቆማለሁ! አንድ ቀን አላጎደልኩም። ግን አንተ ስለ ኪኒኑ ምን ታውቃለህ?"

"የምውጠው ያንኑ አይደል? የኔም ቃር ነው። ያንተን ያህል አላወራም እንጂ" አለና ሳቀ።

"ረመዳን ላይስ እንዴት ታደርጋለህ?"

"ለሱሁር ስነሳ መጀመሪያ እሱን እውጣለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እበላለሁ።"

"የምን መጠበቅ ነው? ጊዜው አጭር አይደል እንዴ?"

"ሐኪሜ ነው ያለኝ። ኪኒኑ ጨጓራ ለምግብ ሲነሳ ነው አሲዱን የሚይዘው። ምግብ ካልተከተለው ምን ይይዛል? ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። አንተስ ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው?"

"ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"የምትበላውስ?"

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት! ማለዳ ውጬ ዘጠኝ ሰዓት! ሐኪሟ ያሉኝ ከቁርስ በፊት ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁዳዴ ወዲህ ቁርስ የሚባል ነገር የለኝም! ኪኒኑ ሲሠራ ምግብ የለም፣ ምግቡ ሲመጣ ኪኒኑ የለም! ለዚህ ለማይረባ ኪኒን ብዬ ደግሞ የንስሐ አባት አስፈቅጃለሁ። ከበርጩማው ዘልዬ ስነሳ መደርደሪያውን መትቼ የፍሬን ሸራ ካርቶኖች ተናዱ።

"ቅዳሜና እሁድ!" ብዬ ጮህኩ። "ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ስለምበላ ነው ፋታ የሚሰጠኝ! አለቃዬ ንጹሕ ነው! የሚስቴ በርበሬም ንጹሕ ነው!"

"ቀስ በል፣ ሰው እብድ መጣ ይላል" አለኝ ጓደኛዬ፤ እሱም ግን እየሳቀ ነበር። አቅፌ ሳምኩት። ካርቶኖቹን አብረን እየለቀምን እያለ አዛን ሊደርስ ሲል ትዝ ብሎት ሮጦ ወጣ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። ጥያቄ እስኪጠይቁኝ አልጠበቅኩም።

"ዶክተር፣ ኪኒኑን ጠዋት እየዋጥኩ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምበላው!"

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ከቁርስ በፊት ብዬዎት ነበር እኮ። ቁርስ መቼ ነው የሚበሉት?"

"ለፋሲካ!"

እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ጥፋቱ የእሳቸውም ጭምር መሆኑን፣ ይጾሙ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ይገባ እንደነበር ነገሩኝ። ጾሙ ለሕመሙ ከባድ ነው፤ ካልተሻለዎት የንስሐ አባትዎን አማክረው ሰዓቱን ያሳጥሩታል አሉ። እስከዚያው ግን ኪኒኑን ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ እንድውጠው፣ የቀኑን ሁሉ በአንድ ትሪ እንዳልበላ፣ ግማሹን ለማታ እንዳቆይ፣ ከማታው በኋላ ደግሞ ሆዴ ሳይቀልለኝ እንዳልተኛ ነገሩኝ። "ዛሬ ጀምረው ነገ አይጠብቁ። ቀናት ይፈልጋል" ብለው አስጠነቀቁኝ።

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ሲሆን ቢሮ ውስጥ ኪኒኔን ይዤ መቆሜ ለባልደረቦቼ ትርዒት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካፍቴሪያ ወርጄ አንድ እንጀራ ብቻ እበላለሁ፤ አስተናጋጇ "ዛሬ አሞዎታል እንዴ?" ትለኛለች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር እቀምስና ከባለቤቴ ጋር የኮንዶሚኒየሙን ግቢ እንዞራለን። እሷ መጀመሪያ እየተነጫነጨች ነበር የምትወጣው፤ በኋላ ግን ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። ስለ ልጆቻችን፣ ስለማይሠራው የውኃ ፓምፕ፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን። ለዚህ እንኳ ቃሩን አመሰገንኩት።

በአንዱ ቀን ቢሮ ኮሪደር ላይ ስሄድ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አሰርኩት። ቀና ካልኩ በኋላ ነው ልብ ያልኩት። ምንም የለም! ደረቴ ዝም ብሏል፣ ጉሮሮዬ ደረቅ ነው። መልሼ ጎንበስ አልኩ። ምንም! አሁንም ጎንበስ፣ አሁንም ምንም! ሦስተኛው ላይ አለቃዬ ከቢሮው ብቅ አለ።

"ምን ጠፋብህ?" አለኝ።

"ምንም! ምንም አልጠፋብኝም!" አልኩት ፊቴ ሁሉ ስቆ። ለዚያ ሁሉ ጊዜ በከንቱ ስለጠረጠርኩት አንጀቴን በላኝና ሻይ ጋበዝኩት። በእርግጥ ጾም ስለነበርኩ እሱ ብቻ ነው የጠጣው።

ለአምበሉ ደወልኩለት። ቀለበቱን፣ ኪኒኑን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ከበስተጀርባው የጋራዥ መዶሻ ይሰማል። እስክጨርስ ሰማኝና "እሁድ ሜዳ ላይ አሳየኝ" አለ፤ ዘጋው።

እሁድ ደረሰ። የፍጻሜው ዕለት ሜዳዋ ዙሪያዋን በሰው ተሞልታለች፤ በየሕንፃው በረንዳ ላይ ፒጃማ የለበሰ ተመልካች አለ። ጓደኛዬ ሱሁሩን በልቶ መጥቶ ከፊቴ ቆሟል። ያ ወፍራም ሰውዬም አልቀረም፤ በሌላ ቡድን ፍጻሜ ምን እንዳመጣው እንጃ፣ ከመስመሩ ዳር ተተክሎ "ታች ምቱ! እሱ አይወርድም!" እያለ ይመክራቸዋል።

ገና ሳንሟሟቅ በመሬት የተመታ ኳስ መጣ። እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ደረሰብኝ። ቃሩ የለም፣ ሰውነቴ ግን ቆመ። እግሬ እንደ ድሮው ያችን እሳት ጠብቆ እምቢ አለኝ። ኳሱ በጎኔ አልፎ ገባ። አምበሉ ከመሃል ሜዳ ዞሮ አየኝ። እይታው ከስድብ ከበደኝ። በራሴ ተናደድኩ፤ "ድነሃል እኮ፣ ድነሃል!" እያልኩ ጭኔን በጡጫ መታሁት።

የእኛ ሰዎች ታገሉ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አምበላችን ራሱ በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረገን። ሜዳው ተናወጠ፣ በረንዳው ላይ ያሉትም ጮሁ። ከዚያ ሊያልቅ ሲል ጓደኛዬ ጾመኛው፣ ጉልበቱ ያለቀው ተከላካያችን፣ አጥቂያቸውን ከኋላ ጠለፈው። ዳኛው አፉ ላይ ፊሽካውን ይዞ ሮጠ። ሪጎሬ!

አጥቂው ኳሱን አስቀመጠ። ወዴት እንደሚመታ ሜዳው ሁሉ ያውቃል። ወፍራሙ ሰውዬ ድምፁ እስኪዘጋ "ታች!" ይላል። እኔም አውቃለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ልቤ ሲዘል አላስታውስም፤ ፍርሃትም ደስታም ነበር፣ መለየት አልቻልኩም። ቢያቃጥልም ያቃጥል አልኩ። አጥቂው ሮጦ መታ፣ በመሬት፣ ወደ ግራዬ ጥግ።

ወደቅኩ። ሙሉ ሰውነቴን ዘርግቼ ወደቅኩ። ጣቴ ኳሱን ነካው፣ ኳሱ ቋሚውን መታ፣ ተመለሰ። ሜዳው አበደ። ነገር ግን የተመለሰው እዚያው አጥቂ እግር ሥር ነበር። ተነሳሁ፣ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ወደ ቀኝ ሁለተኛ ተወረወርኩ። በመዳፌ ነካሁት እንጂ አልያዝኩትም። ከሥሬ ሾልኮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ፊሽካው ተነፋ፣ ዋንጫው የእነሱ ሆነ።

እኔ በሆዴ እንደተኛሁ ነኝ። ፊቴ መሬቱ ላይ ነው፣ አፌ አቧራ ሞልቷል። ጠበቅኩ። እሳቱን ጠበቅኩ፣ ጎምዛዛውን ውኃ ጠበቅኩ። አልመጣም። አቧራው ብቻ ነው ያለው። ምላሴን አዙሬ አረጋገጥኩ፤ አቧራ፣ የቦሌ ሚካኤል ደረቅ አቧራ። ሳቅ ያዘኝ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይተው የሚያለቅስ መስሏቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ገለበጠኝ።

"አቃጠለህ እንዴ?" አለኝ ደንግጦ።

"አላቃጠለኝም!" አልኩት። "ሁለቴ ወደቅኩ፣ አላቃጠለኝም!"

አምበሉ ከላዬ መጥቶ ቆመ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

"ዋንጫ ሄዶብን ትስቃለህ?"

"ወረድኩ እኮ! አየኸኝ? በግራም በቀኝም ወረድኩ!"

አየኝ፣ አቧራ የለበሰ ማሊያዬን አየ። ወደ ሜዳው ዳር ሄዶ ቦርሳውን ከፈተ፣ ስልኩን አወጣ። እኔ ጓደኛዬን ተደግፌ ስነሳ ጀርባውን ሰጥቶን ያወራ ነበር፤ ድምፁ ግን ደህና አድርጎ ይሰማል።

"አዎ፣ አልቋል" አለ። "ተሸነፍን... አይ፣ ለሚቀጥለው እሁድ አትምጣ። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ በረኛ አለን።"